ጎመኑን ብቻውን አትትከሉት፦ በጓሮ መደብ ላይ አሰባጥሮ የመትከል አሠራር

በመጀመሪያው ዓመት ጓሮዬን በጎመን ሞላሁት። ሌላ ነገር የለም፣ ጎመን በጎመን። እስከ ኅዳር ድረስ ያየው ሁሉ ያደንቀው ነበር። ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ለምሳ ልቀነጥስ ወጥቼ አንዱን ቅጠል ገለበጥኩት። ከሥሩ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳየው አመዱ ይንቀሳቀሳል። ክሽክሽ ነው፣ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽዬ ተባይ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መደቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳረሰው። መድኃኒት ልርጭ ብል ነገ ቤተሰቤ የሚበላው ነገር ነው። ነቅዬ ለጎረቤት በግ ሰጠሁት። በጉ ቅር አላለውም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አጥሩ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል ባለበት ጥግ፣ ዘሩ ወድቆ በራሱ የበቀለ ሦስት እግር ጎመን ነበር። ክሽክሽ አልነካውም አልልም፣ እዚህም እዚያም ነክቶታል። ግን እስከ መጋቢት ድረስ ስንቀነጥሰው ከረምን።

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ብቻውን አልተክልም። የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ካለች ሦስት በአራት ሜትር ከምትሆን ጓሮ ተነስቼ ነው። ቆላ ያላችሁ ወራቱን አስተካክሉ፣ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ይሄ ነገር ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። ኮንሶ በእርከኑ ላይ ማሽላውን ከሌላው ጋር ደባልቆ ነው የሚዘራው። ጌዴኦ እንሰቱን፣ ቡናውንና ትልልቁን ዛፍ አንድ ላይ ይዞ ኖሯል። ዩኔስኮ የኮንሶን መልክዓ ምድር በ2011፣ የጌዴኦን ደግሞ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከሐረርጌ የመጡ አንዲት ጎረቤቴ ባዶ የቀረውን መደቤን አይተው፣ «ልጄ፣ እኛ አገር እኮ በቆሎ ብቻውን አይዘራም፣ ቦሎቄ ያጅበዋል» አሉኝ። ገበሬው ያወቀውን እኔ ዘንግቼው ነው እንጂ።

ስለ «ይዋደዳሉ» ወሬ አንድ ነገር ልበል

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ «ቲማቲም በሶብላን ይወዳል፣ ካሮት ሽንኩርትን ይወዳል፣ ባቄላ ነጭ ሽንኩርትን ይጠላል» የሚል ረጅም ዝርዝር ታገኛላችሁ። እኔም ጨርሼ ሸምድጄው ነበር። ሞክሬ ሞክሬ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ተክል አይወድም፣ አይጠላም። ብርሃን፣ ውሃና ቦታ ይሻማል። ሁለት ተክል አብሮ የሚሆነው አንዱ ሲረዝም ሌላው አጭር ከሆነ፣ አንዱ ቶሎ ደርሶ ሲነሳ ሌላው ገና እያደገ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ከተባይ ዓይን የሚሰውር ከሆነ ነው። ከነዚህ አንዱ ከሌለ ዝርዝሩ ቢያዋድዳቸውም አትድከሙ።

ሦስተኛው፣ የመሰወሩ ነገር፣ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች የጎመን ሥር የምትበላውን የዝንብ ዝርያ ተከታትለው ነበር። ዝንቧ እንቁላል ልትጥል ስትፈልግ ሽታው አቅጣጫውን ይነግራታል እንጂ የቱ ላይ ትረፍ የሚለውን አይነግራትም። አረንጓዴ የሆነ ነገር ላይ ታርፋለች። በእግሯ ትቀምሰዋለች። ጎመን ከሆነ ትንሽ በረር ብላ እንደገና ታርፋለች፣ እንደገና ትቀምሳለች። ደጋግማ ጎመን ካገኘች ያኔ እንቁላሏን ትጥላለች። በመሃል ሌላ ቅጠል ላይ ካረፈች ግን ሒሳቡ ይበላሽባታል፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች ወይም ጥላ ትሄዳለች። የሚያስቀው ነገር፣ በጎመኑ ዙሪያ አረንጓዴ ወረቀት ሲያደርጉም ተሳስታለች። እንግዲህ ጠላቷ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ብቻ አይደለም። በባዶ አፈር ላይ ተለይቶ የቆመ ጎመን ነው «እዚህ ነኝ» ብሎ የሚጣራው። የኔ መደብ ደግሞ ልቅም ተደርጎ የታረመ፣ አንድ አረም የሌለው፣ ባዶ አፈር ላይ የተደረደረ ጎመን ነበር። ጠርቼ ጋበዝኳቸው ማለት ነው።

መጀመሪያ ፀሐይዋን ተከተሉ

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ቀን ጓሮውን በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት ውጡና እዩት። ጥላው የት እንደሚውል በስልክ ፎቶ አንሱ። ቲማቲምና ቃሪያ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በቀን 4 ሰዓት ፀሐይ ብቻ ቢያገኙም ይሆንላቸዋል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ስለዚህ ረጅሙን ተክል ሁሌም በመደቡ ሰሜን ጫፍ አድርጉት። እኔ ቲማቲሜን ደቡብ ጫፍ ተክዬ ከኋላው ያለውን ካሮት አንድ በጋ ሙሉ በጥላ አቀጭጬዋለሁ።

አጥራችሁ ዳር ባሕር ዛፍ ካለ ከሱ ራቁ። ሥሩ ውሃውን ይጠጣባችኋል፣ የሚረግፈው ቅጠልም ሥሩ ያለውን ነገር አያበቅልም። አምስት ሜትር እንኳ መራቅ ካልቻላችሁ ኬሻ ውስጥ አፈር ሞልታችሁ ብትተክሉ ይሻላል።

መደቡን አዘጋጁ

ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ከዚያ በላይ ከሰፋ ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሃሉ ላይ አይደርስም፣ ስለማይደርስ ትረግጡታላችሁ፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ ውሃ አያሰርግም። አሰባጥራችሁ ስትተክሉ በተክል መሃል መግቢያ ስለማይኖር ይሄ ቁጥር ቀልድ አይደለም። ርዝመቱ እንደ ቦታችሁ ነው።

አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ፣ ማለትም ክረምት የሚጣበቅ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ፣ መደቡን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ቀይ አፈር ከሆነ 15ም ይበቃል። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ባልዲ ያህል የበሰለ ኮምፖስት ወይም ፍግ ቀላቅሉበት። የበሰለ ያልኩት የምሬን ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ሦስት ወር ተከምሮ የቆየ፣ ሲያሸቱት የአፈር ሽታ እንጂ የበረት ሽታ የሌለው መሆን አለበት።

ዶሮ ያላችሁ አጥር ሥሩ። ለዶሮ መድኃኒት የሚሆን አጃቢ ተክል የለም።

የጎመን መደብ፣ ከነልኩ

ከዚህ ጀምሩ። ጎመን አይከዳችሁም፣ በዚያ ላይ ልዩነቱን ቶሎ ታዩበታላችሁ። ሦስት ሜትር በ1 ሜትር ከ20 የሆነ አንድ መደብ እንውሰድ። ጊዜው መስከረም ነው፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል። መስከረምን የመረጥኩት ክሽክሽ የሚበረታው በደረቁ ወራት ስለሆነ ነው፣ መከላከያው አስቀድሞ ቆሞ መጠበቅ አለበት።

በሁለቱ ረጅም ጎኖች ከጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ አንዳንድ መስመር ነጭ ሽንኩርት ትከሉ። ከራሱ ላይ ስትፈለፍሉት ትልልቁን ፍሬ ለዘር፣ ትንንሹን ለድስት አድርጉ። ሰው ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ከዚያ «ነጭ ሽንኩርቴ ኮሰሰ» ይላል። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ ጥልቀቱ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር። በየጎኑ 30 ፍሬ ይገባል።

ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ በሁለቱም በኩል የጎመን መስመር ይመጣል። በጎመንና በጎመን መሃል 40 ሴንቲ ሜትር ተዉ፣ በየመስመሩ ሰባት ሰባት ችግኝ ይይዛል። ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ነው የሚዛወረው። አመሻሽ ላይ አዛውሩት፣ ውሃ አጠጡት፣ ቀን ላይ ቢጠወልግ አትደንግጡ፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ቀና ይላል።

መሃሉ ላይ የ60 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቀራችሁ አይደል? እዚያ ላይ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ሰላጣ ትከሉ። ይሄ የጊዜ ጨዋታ ነው። ጎመኑ ክንፉን ዘርግቶ መሃሉን እስኪሸፍነው ሁለት ወር ያህል ይፈጅበታል፣ ሰላጣው ደግሞ ከ45 እስከ 60 ቀን ውስጥ ሳህን ላይ ነው። ጎመኑ ቦታውን ሲፈልገው ሰላጣው ተበልቷል።

በመጨረሻም በመደቡ ሁለት ጫፎች ድንብላል በትኑ። ዘሩን ከቅመማ ቅመም ተራ መግዛት ትችላላችሁ፣ ያልታመሰ ይሁን እንጂ ይበቅላል። በመዳፋችሁ መሃል አሸት አድርጋችሁ ለሁለት ክፈሉት፣ ቶሎ ይወጣል። ሁሉንም ባንድ ቀን አትዝሩት። በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ዝሩ። ምክንያቱም ከድንብላሉ የምትፈልጉት ቅጠሉን ብቻ አይደለም፣ አበባውንም ነው። በአበባው ላይ ንብ የሚመስሉ፣ አየር ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ትንንሽ ዝንቦች ይመጣሉ። እነሱ ራሳቸው የአበባ ማር ይቀስማሉ፣ እንቁላላቸውን ግን ክሽክሽ ያለበት ቅጠል ላይ ይጥላሉ። ከእንቁላሉ የሚወጣው ዐይን የሌለው የሚመስል ትንሽ አረንጓዴ ትል ቀኑን ሙሉ ክሽክሽ ሲበላ ይውላል። ይሄን ትል የጎመን ትል ነው ብዬ ስንት ጊዜ ጨፍልቄዋለሁ! የጎመን ትል ቅጠሉን ይበሳል፣ ይሄኛው ቅጠል አይነካም። ከመጨፍለቃችሁ በፊት አጠገቡ ቀዳዳ መኖሩን እዩ።

አንድ ችግር አለ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ነጭ ሽንኩርት ሊነቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ውሃ መቆም አለበት፣ አለዚያ ራሱ ይበሰብሳል፣ አይቀመጥም። ጎመን ደግሞ በጋውን ሙሉ ውሃ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ነጭ ሽንኩርቱን ጠርዝ ላይ ያደረግነው። ከጥር ጀምሮ በጎማ መርጨቱን ትታችሁ ጎመኑን ሥር ሥሩን በጆግ አጠጡ። አድካሚ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ግን ለማንኛውም እንደዚያ ነው የሚጠጣው።

የቲማቲም መደብ

ቲማቲም ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ራስ ምታት ነው። ቅጠሉ በርጥበት ይጠቁራል፣ ፍሬው ሳይቀላ ይበሰብሳል። ዝናቡ ሲወጣ ማዛወር ይሻላል። ውርጭ የሚበረታበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ከግድግዳ አጠገብ ትከሉ፣ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል።

በመደቡ ሰሜን በኩል አንድ መስመር፣ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ችግኝ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ድጋፍ እንጨት። ሲያድግ የታችኞቹን ቅጠሎች እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ልቀሙ፣ አየር ይግባ። በዚያ በተከፈተው ቦታ፣ በቲማቲሙ ፊት ለፊት፣ በሶብላ ይገባል።

በሶብላ የቲማቲምን ጣዕም ያሻሽላል የሚሉ አሉ። እኔ በምላሴ ልዩነቱን አላገኘሁትም። የምተክለው ለበርበሬና ለሽሮ ስለሚያስፈልገኝ፣ አፈሩን ስለሚሸፍንልኝና ሲያብብ ንብ ስለሚጠራልኝ ነው። ሦስቱም በቂ ምክንያት ናቸው።

ማሪጎልድ ስለሚባለው ብርቱካናማ አበባም እንዲሁ ብዙ ይወራል። ሥሩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ኔማቶድ የሚባሉትን፣ የቲማቲም ሥር ላይ እንደ ዶቃ እብጠት የሚያወጡትን ረቂቅ ትሎች መግደሉ እውነት ነው። ግን ሁለት እግር ማሪጎልድ ጥግ ላይ በመትከል አይሆንም። መደቡን ሙሉ በሙሉ በእሱ ሞልታችሁ፣ ሁለት ሦስት ወር አቆይታችሁ፣ ከዚያ ቲማቲሙን ስትተክሉ ነው ጥቅሙ የሚታየው። ሥሩ ላይ እብጠት አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ለውበት ትከሉት፣ ለመድኃኒት ብላችሁ አትጨነቁ።

ከቲማቲሙ በስተደቡብ የቀረውን ቦታ ለካሮትና ለቀይ ሽንኩርት እሰጠዋለሁ። አንድ መስመር ካሮት፣ አንድ መስመር ሽንኩርት፣ በመሃላቸው 20 ሴንቲ ሜትር። የሽንኩርት ቅጠል ቀጭን ስለሆነ ካሮቱን አይጋርደውም። ካሮት ለመብቀል እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፣ በዚህ ጊዜ መስመሩ ይጠፋችሁና ከአረም ጋር አብራችሁ ትነቅሉታላችሁ። ለዚህ መላው ቀላል ነው። የካሮቱን ዘር ከጥቂት የፍጅል ዘር ጋር ደባልቃችሁ ዝሩ። ፍጅሉ በአራት አምስት ቀን ብቅ ይልና መስመሩን ያሳያችኋል፣ በወሩ ተነቅሎ ሰላጣ ውስጥ ይገባል፣ የወጣበት ቀዳዳም ለካሮቱ አፈሩን ያላላለታል። ከሞከርኳቸው ጥምረቶች ሁሉ ይቺኛዋን የሚያክል ጥርት ያለ ነገር አላየሁም።

በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ

ይሄ ሰፋ ያለ ቦታ ላላችሁ ነው፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች «ሦስቱ እህትማማቾች» ይሉታል። በቆሎው ለሚጠመጠመው አደንጓሬ ምሰሶ ይሆነዋል፣ ዱባው በሰፊ ቅጠሉ አፈሩን ያለብሳል፣ አረም ያፍናል።

ነገሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በቆሎውን በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ዝናቡ ሲይዝ ዝሩ። በአንድ ረጅም መስመር አይደለም፣ አራት በአራት አድርጋችሁ በካሬ፣ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ። በቆሎ የሚዳቀለው በነፋስ ነው። ከላይ ካለው አበባ ዱቄቱ ይረግፍና እሸቱ ጫፍ ላይ ባሉት ፀጉሮች ላይ ያርፋል፣ እያንዳንዱ ፀጉር ለአንዲት ፍሬ ነው። በአንድ መስመር ከዘራችሁት ነፋሱ ዱቄቱን ወደ ጎረቤት ይወስደውና ጥርሱ የረገፈ እሸት ትበላላችሁ።

አደንጓሬውን በቆሎው ጉልበታችሁ ድረስ ሲደርስ ብቻ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ዝሩት። እኔ ችኩል ነኝ፣ ባንድ ቀን ዘራኋቸው። አደንጓሬው በቆሎውን ቀድሞት አደገ፣ ተጠመጠመበት፣ ሐምሌ ላይ አንድ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሁሉንም ይዞት ተኛ። ዱባ ደግሞ አንድ እግር ብቻ፣ ዳር ላይ። ሁለት ከተከላችሁ ቤቱን ለእሱ ለቃችሁ መውጣታችሁ ነው።

ስለ አደንጓሬ፣ ስለ ባቄላና ስለ አተር የሚነገረው «ለጎረቤቱ ማዳበሪያ ይሰጣል» የሚለው ነገር ግማሹ ነው እውነት። ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ሥራቸው ላይ ባሉ እንክብሎች ውስጥ ወደ ምግብነት ይለውጡታል፣ ይሄ ልክ ነው። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ አብዛኛውን ለራሳቸው ነው የሚጠቀሙበት። ጎረቤቱ የሚያገኘው ጥቂት ነው፣ ዋናው ጥቅም የሚደርሰው ከእነሱ ቀጥሎ ለሚተከለው ነው። ስለዚህ ምርቱን ስትጨርሱ አትንቀሉት። ግንዱን ከአፈር እኩል በመቀስ ቁረጡና ሥሩን እዚያው ተዉት። ሥራ ላይ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሊያብብ ሲል አንዱን ቆፍራችሁ አውጡና እንክብሉን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ይሠራል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም።

አብረው የማይሆኑ

ቲማቲምና ድንች። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታም አንድ ነው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። ቃሪያም የዚሁ ዘር ነው፣ ከተቻለ እሱም ራቅ ይበል።

ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ሰናፍጭም ዘመዳሞች ናቸው። አራቱን አንድ መደብ ላይ ደባልቆ «አሰባጠርኩ» ማለት ራስን ማታለል ነው፣ ለተባዩ ግብዣው ያው ነው። ሰናፍጭን እንደ ወጥመድ መጠቀም ግን ይቻላል። ከጎመን መደቡ ራቅ አድርጋችሁ አንድ መስመር ሰናፍጭ ስትዘሩ የጎመን ትል የምትፈለፍለው ትንሽ የእሳት እራት እሱን ታስቀድማለች። ትል ሲይዘው ሳትውሉ ሳታድሩ ነቅላችሁ አስወግዱት። ካልነቀላችሁት ወጥመድ መሆኑ ቀርቶ ማዋለጃ ይሆናል። ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ተቋም ለበቆሎ ያወጣው ፑሽ ፑል የሚባለው ዘዴም መሠረቱ ይኸው ነው። በበቆሎው መሃል ደስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይተከላል፣ ግንድ ቆርቁር የምትባለውን የበቆሎ ተባይ በጠረኑ ያባርራል፣ ዙሪያውን የዝሆን ሳር ይደረግና ወደ እሱ ይስባታል። ደስሞዲየሙ የበቆሎ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠውን አቀንጭራ የተባለ አረምም ያጠፋል።

እንስላልን ለብቻው ጥግ ስጡት፣ አጠገቡ ያለውን ያቀጭጫል ይባላል፣ እኔም ሰላጣ ላይ አይቼበታለሁ። ጤና አዳም፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ደግሞ ጠባያቸው ሳይሆን ጥማቸው ነው የሚለያቸው። ደረቅ አፈር ይፈልጋሉ፣ ዓመት ከዓመትም እዚያው ይቆማሉ። ሰላጣን ከጥብስ ቅጠል ጋር ብትተክሉ አንዱን ስታጠጡ ሌላውን ታበሰብሳላችሁ።

በየሳምንቱ የምትሠሩት

ቅዳሜ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቅጠል ገልብጡ። በተለይ ከመሃል አዲስ የሚወጣውን ጨቅላ ቅጠል እዩት፣ ክሽክሽ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥቂት ከሆነ በጣታችሁ ጨፍልቁት ወይም በውሃ እጠቡት። በርከት ካለ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ ከቅጠሉ ሥር አመሻሽ ላይ ርጩ፣ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ይሄ የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፣ መደጋገም ይፈልጋል።

ከመርጨታችሁ በፊት ግን ክሽክሾቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ። አንዳንዶቹ አብጠው፣ ቡናማ ሆነው፣ እንደ ደረቀ የስንዴ ፍሬ ቅጠሉ ላይ ተጣብቀው ታገኙ ይሆናል። ጀርባቸው ላይ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አለ። ከዚያች ቀዳዳ የወጣችው ከክሽክሹ የማትበልጥ ተርብ ናት፣ እናቷ እንቁላል ውስጡ ጥላ ሄደች፣ እሷ ከውስጥ በልታው ጨርሳ ወጣች። እንዲህ ያሉትን በብዛት ካያችሁ ሳሙናውን አስቀምጡ። ሳምንት ታገሡ። በመደቡ ላይ ሥራ የያዘ አለ፣ እናንተ ከረጫችሁ እሷንም ትገድሏታላችሁ።

ባዶ አፈር ባያችሁ ቁጥር ሸፍኑት። ሰላጣው ሲነሳ ገለባ ወይም የደረቀ ሣር ጎዝጉዙበት፣ ወይም ድንብላል በትኑበት። ውሃውም አይተንም፣ ተባዩም ተክሉን ለይቶ አያይም።

ሲያልቅ ምን ይከተል?

የካቲት ላይ ነጭ ሽንኩርቱ ግማሽ ያህል ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ይነቀላል። በወጣበት ቦታ ካሮት ወይም ቀይ ሥር ዝሩ እንጂ መልሳችሁ የሽንኩርት ዘር አትትከሉበት። ጎመኑ ሲያብብና ሲደክም ነቅላችሁ፣ በክረምቱ እዚያው ላይ ባቄላ ወይም አተር ዝሩ። ደጋ ላይ ሰኔ የነሱ ወር ነው። ከዚያ በመስከረም ሥሩን ከተዋችሁበት አፈር ላይ ሌላ መደብ የነበረው ቲማቲም ይመጣል። ጎመን ወደ ቲማቲሙ ቦታ ይሄዳል። ዘመዳሞቹ ወደ አንድ ቦታ ሳይመለሱ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆዩ ጥሩ ነው፣ በትንሽ ጓሮ ያን ያህል ባይቻል እንኳ በተከታታይ አይሁን። በየወሩ መደቡን ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ። ምን የት እንደነበር አስታውሳለሁ ብላችሁ እንደኔ አትመኩ።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁም አልቀረባችሁም። በረንዳ ላይ አንድ ኬሻ አፈር መሃሉ ላይ ቃሪያ፣ ዙሪያውን ሰላጣና በሶብላ ይይዛል። ጎኑን ቀደድ ቀደድ አድርጋችሁ ቆስጣ ሰኩበት። ኬሻ ቶሎ ስለሚደርቅ መሃሉ ላይ ታችኛው ጫፉ የተበሳሳ የውሃ ፕላስቲክ ቀብራችሁ በእሱ አጠጡ።

ድንብላሉን ደግሞ ሁሉንም አትቅጠፉት። ሁለት ሦስት እግር እስኪደርቅ ተዉት፣ ዘሩ ይረግፍና ባላሰባችሁበት ቦታ ሁሉ ይበቅላል። እኔ የድንብላል ዘር ከገዛሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ዘንድሮ ከበሩ ደፍ አጠገብ፣ በሁለት ድንጋይ መሃል በቅሎ አገኘሁት።